ሒሳብ ከቀኝ ወደ ግራ

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ይዛት የመጣች ቀን እኔ ግቢያችን ውስጥ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ከስብስቦች ሒሳብ ጋር ግብግብ ገጥሜ ነበር። ቀና ስል አንዲት ቀጭን ልጅ ከእናቴ ኋላ ቆማለች። ነጠላዋን አጣፍታለች፤ እጇ ላይ የስልክ ቻርጀር ጠምጥማለች።

«ይችም ልጅ አንች የምትማሪውን ነው አሉ የምትማር፣ በስልክ» አለች እናቴ። «ካምፕ ደግሞ ሸበካ የለም። ከዛሬ ጀምሮ እህትሽ ናት።»

ሸበካ እኛ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለን ሰዎች ኔትወርክን የምንጠራበት ስም ነው። እህት ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእናቴ አንድ ነበርኩ፤ አንድ መሆኑ ደግሞ ተመችቶኝ ነበር። ልጅቷ ሁለት እጇን ዘርግታ ሰላም ስትለኝ እኔ ብዕሬን እንኳ ሳላስቀምጥ ነው የጨበጥኳት።

የተወለድኩት እዚሁ ገዳሪፍ ነው። ወላጆቼ በዚያ በጦርነቱና በረሃቡ ዘመን ከጎንደር በኩል በእግራቸው ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ትምህርቴን በሱዳን ትምህርት ቤት በዓረብኛ ተማርኩ። በሒሳብ፣ ልኩራበትና፣ የሚደርስብኝ አልነበረም። መምህሮቹ አዲስ ነገር ሲያስተምሩ «ያቺ ሐበሻ ገብቷታል?» ይሉና እኔ ራሴን ከነቀነቅኩ ወደሚቀጥለው ያልፉ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ውጤቴ ሲመጣ ካርቱም ሄጄ ኮምፒውተር እንድማር ተመደብኩ። ሻንጣዬን ሳልዘጋ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። እኔ ወደ ካርቱም በመሄድ ፈንታ ካርቱም ወደኔ መጣች፤ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ተፈናቃይ ሞላበት፤ ሒሳብ የተማርኩበት ክፍል ውስጥ ልብስ ተሰጣበት።

ጦርነት ትምህርታቸውን ላቋረጠባቸው ወጣቶች በኢንተርኔት የሚሰጠውን የኮምፒውተር ትምህርት ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው በር «ሒሳብና የችግር አፈታት» የሚባል ኮርስ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያንን ኮርስ ያላለፈ ሁለተኛውን መንፈቅ አያይም። የማለፊያው ፈተና ደግሞ የትም ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት ነበር። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው ያጣምራሉ። በመጨረሻው ቀን ከሁለቱ ዕጣ የወጣበት አስተማሪው ፊት ጥያቄውን ይፈታል፣ ያስረዳል፤ ሌላው ድምፁን ዘግቶ ይመለከታል። ውጤቱ ግን የሁለቱም ነው። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ብቻውን ስለማይሠራ ከአሁኑ ልመዱት ነበር ያሉን።

አስተማሪው ሁለታችንም ገዳሪፍ መሆናችንን ሲያይ ሳይውል ሳያድር አጣመረን።

እኔ ብወድቅ የሚሆነውን እናቴ አስቀድማ ወስናዋለች፤ ገላባት፣ ድንበሩ ላይ ሱቅ ያላት አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሳሙናና ስኳር እሸጣለሁ። እሷ ደግሞ ብትወድቅ ተስሪሁ ይነጠቃል። ተስሪህ ስደተኛ ከካምፕ ወጥቶ ከተማ የሚቀመጥበት ፈቃድ ነው፤ የእሷ የተሰጣት በተማሪነቷ ነበር። እንግዲህ የኔ ሁለተኛ መንፈቅ በእሷ አፍ ላይ ነው፣ የእሷም በኔ። ቅናት የያዘኝ በእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ላይ ነው።

ቅናቱ በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ነው የጀመረኝ። ጥያቄዎቹ ስለ ስብስቦች ነበሩ። በአንድ መንደር የሚያርሱ ሰዎች አሉ፣ ከብት ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ከሚያርሱት ውስጥ ከብት ያላቸውን ስትቀንሱ እነማን ይቀራሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ቀላል ነው። እንደ ልማዴ ቶሎ ጨርሼ ላኩ። የተመለሰልኝ ውጤት ግን የሚያሳፍር ነበር። አስተማሪው ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «አስተሳሰብሽ ልክ ነው፤ ግን ሁሉም ተገልብጧል። ሆን ብለሽ ነው?»

ሆን ብዬ አይደለም። በዓረብኛ ሒሳብ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ከአምስት ሦስት ሲቀነስ አምስቱ በቀኝ ይቆማል፤ ዓይን ከዚያ ይነሳል። የእንግሊዝኛው ከግራ እንደሚጀምር አጥቼው አይደለም። አማርኛም ሳነብ ከግራ ነው የምጀምረው። ቁጥርና ምልክት ሲመጣ ግን ዓይኔ የሚሮጠው ወደለመደው ነው። ከሚያርሱት ላይ ባለከብቶቹን ቀንሺ ሲለኝ እኔ ከባለከብቶቹ ላይ አራሾቹን ቀንሼ፣ ማረሻ የማያውቁ ሀብታሞች ሰብስቤ ልኬለታለሁ።

እሷ ሙሉ ነጥብ አመጣች። ወረቀቴን አንስታ ትንሽ አየችውና ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

«ሓፍተይ፣ አንቺ እኮ ከዚያ በኩል ነው የምታነቢው!» አለችኝ፣ በጣቷ የወረቀቱን ቀኝ እያሳየችኝ። ሓፍተይ በትግርኛ እህቴ ማለት ነው።

«መዓሌሽ፣ ረስቼ ነው» አልኩ፣ ምንም አይደል ለማለት። ፊቴ ግን እሳት ለብሷል። ሒሳብ ላይ ሰው ሲስቅብኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሷ ትግራይ ውስጥ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ተምራለች። ለእሷ ሁሉም ነገር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በወግ በወጉ ይወርዳል። «ይህ ከሆነ ይህ ይሆናል፤ ስለዚህ...» እያለች ስትጽፍ ገጹ የተጠረገ ግቢ ይመስላል። የኔ ገጽ ግን አንድ ነገር ቀኝ ጥግ ላይ፣ አንድ ነገር መሐል ላይ፣ ቀስት ከታች ወደ ላይ፤ መልሱ መጀመሪያ፣ ምክንያቱ ከኋላ። ለራሴ ግልጽ ነው። ለሌላ ሰው ግን ከዶሮ ጭረት አይለይም።

እናቴ ሒሳብ አታውቅም፤ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አይታ ግን «ውይ፣ የሷ እንዴት ያምራል!» አለች። እንግዲህ የገዛ እናቴ ናት።

ቤት ውስጥ ያለውንማ አልጨርሰውም። ፉሉ ሲቀርብ ዘይቱ የበዛበት በኩል ወደ እሷ ይዞራል። ነፋስ የሚገባበት አልጋ የእሷ ሆነ። እናቴን «አደይ» ብላ ትጠራታለች፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። እናቴም «ወዬ ልጀ» ትላለች፣ እኔን በማትጠራበት ድምፅ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «እማ፣ እኔም እኮ እዚህ አለሁ» ብላት «አንች የት ትሄጃለሽ?» አለችኝ። እርር ብዬ ቀረሁ። የትም አለመሄድ ይህን ያህል ያስከፍላል።

ቅናቴን ከባድ ያደረገው ደግሞ የሚነገር አለመሆኑ ነው። በስደተኛ ልጅ እንዴት ይቀናል? ከትግራዩ ጦርነት ሸሽታ የድንበሩን ወንዝ በሌሊት ልብስ ተሻግራ፣ መንደር 8 በሚባለው የስደተኛ መቀበያ በፕላስቲክ ጣራ ሥር ሰንብታ፣ ከዚያ ካምፕ የገባች ልጅ ናት። ወላጆቿ የት እንዳሉ የምታውቀው በሰው በሰው ነው። ለጎረቤት «ቀናሁባት» ብል ሰው ነሽ ወይ ይሉኛል። እኔም ራሴን ሰው ነሽ ወይ እለው ነበር፤ መልስ ግን አይሰጠኝም፣ መቅናቱን ይቀጥላል። በሒሳብ አጻጻፍ ትበልጠኛለች፣ በእንግሊዝኛ ትበልጠኛለች፣ እናቴ ዘንድ ትበልጠኛለች፤ ቢያንስ ልቀየማት እንዳልል በመከራም ትበልጠኛለች። የት ብሄድ ቀድማኝ ደርሳለች።

አንድ ነገር ግን ነበረኝ።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ሳምንት አንድ ጥያቄ መጣ። እንደመጣ ስለ ብርቱካን ነበር፤ እኛ ወደ ሰሊጥ ቀየርነው፣ ብርቱካን በየኬላው የሚያራግፍ ሰው እዚህ አገር ስለሌለ። አንድ መኪና ከገላባት ሰሊጥ ጭኖ ይነሳል። መንገዱ ላይ ሦስት ኬላ አለ። በየኬላው ከያዘው ጭነት ግማሹን፣ በዚያ ላይ አንድ ጆንያ ጨምሮ ያራግፋል። ገዳሪፍ ሲገባ የቀረው አንድ ጆንያ ብቻ ነው። ሲነሳ ስንት ጭኖ ነበር?

እሷ ከገላባት ተነሳች። ያልታወቀውን በፊደል ሰየመችው፣ ለሁለት ከፈለችው፣ አንድ ቀነሰችለት፤ ሁለተኛው ኬላ ላይ ክፍልፋዩ ውስጥ ሌላ ክፍልፋይ ገባ፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቅንፍ በቅንፍ ላይ ተደራርቦ ብዕሯ ቆመ። እኔ ገዳሪፍ ላይ ሆኜ ነበር የምጠብቃት።

«ሃያ ሁለት» አልኳት።

«እንዴት?»

«ከዚህ ጀምሪያ! ኸላስ፣ በቃ፣ መኪናው ገብቷል፣ አንድ ጆንያ ይዟል። ወደኋላ መልሽው። ጨምሮ ያወረደውን አንዱን መልሰሽ ጫኝ፣ ሁለት ይሆናል። ሁለቱ ግማሹ ነው፤ ሙሉው አራት። አራት ላይ አንድ ጫኝ፣ አምስት፤ ሙሉው አሥር። አሥር ላይ አንድ፣ አሥራ አንድ፤ ሙሉው ሃያ ሁለት። ይኸው ገላባት ነሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺ የምትገባኝ ዓይነት አስተያየት ነበረች፤ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ልጆቹ እኔን የሚያዩበት ዓይን። ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

ደስታዬ ግን አላደረም። መልሱን ወስዳ፣ ከላይ ወደ ታች በወጉ አስተካክላ ጽፋ ላከችው። በማግስቱ አስተማሪው ለተማሪዎቹ ሁሉ የሷን ገጽ ማሳያ አድርጎ አወጣው። «ጥርት ያለ ማብራሪያ እንዲህ ነው» ብሎ የእሷን ስም ጠራ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እንደዚህ ነበር። እኔ አገኛለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ የሚታየው የተጻፈው ነው። አስተማሪው ስለኔ የሚያውቀው ከእሷ ጋር መጣመሬን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስሜ ከሥራው በታች ከእሷ ቀጥሎ ሲቀመጥ አንጀቴ ያርራል።

ገበያው ውስጥ አንድ የሳተላይት ሸበካ የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ትምህርቱን የምንከታተለው እዚያ ነው። ደጁ ላይ የገመድ አልጋዎችና የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከካርቱም የመጡ ሰዎች ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የጠፋ ዘመድ ይጠይቃሉ፤ በመሐላቸው እኛ «ማናቸውም ቁጥር ተጋማሽ ቢሆን» እያልን እንቀመጣለን። ባለሱቁ ሱዳናዊ ነው፣ ጥሩ ሰው። እሷን «ያ ኡስታዛ»፣ አንቺ መምህርት ይላታል፤ እኔን ደግሞ «ያ ቢት»፣ አንቺ ልጅ። በዓረብኛ የምከራከረው፣ ዋጋ የምቀንሰው፣ ጥላ ያለበት ወንበር የማስለቅቀው እኔ ነኝ። ኡስታዛዋ እሷ ናት። «ለምን እሷን ኡስታዛ ትላለህ?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን። «ዋላሂ፣ አጻጻፏን አይቼ ነው» አለኝ። እሱም!

እሷ አንድም ቀን አልተኩራራችብኝም። ይልቅ «ነይ፣ አጻጻፉን ላሳይሽ፣ እኮ አይከብድም» ትለኝ ነበር። «አያስፈልገኝም» እላለሁ። ከእሷ እጅ ተምሬ ለእናቴ ጥሩ ገጽ ከማሳይ ባላሳይ ይሻለኝ ነበር። ስለኔ መንገድ ግን ደጋግማ ትጠይቀኛለች። መጨረሻውን እንዴት ታውቂያለሽ? ከየትኛው ነው የምትመለሺው? ሁለት መንገድ ቢገጥምሽስ? እኔም እነጫነጫለሁ እንጂ እነግራታለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሰው ማግኘቴን ወድጄዋለሁና። «እኔንጃ፣ መጨረሻው ላይ ቆሚና ከዚህ በፊት የት ነበርኩ ብለሽ ጠይቂ፤ በቃ» እላታለሁ። ራሷን ትነቀንቃለች። ምን እንደምታደርገው አላሰብኩም።

ፈተናው ሲቃረብ ተጣላን። ጠብ ከተባለ፤ የተጣላሁት እኔ ነኝ። ኒም ዛፉ ሥር የድሮ ጥያቄዎች ስንሠራ እናቴ ለእሷ ከርከዴ በበረዶ ይዛ መጣች። ለእሷ ብቻ። ብርጭቆው አንድ ስለሆነ ነው፣ በኋላ የኔንም አመጣች፤ ግን በዚያ መሐል አፌ ቀድሞኛል።

«ያለኔ አንድም ጥያቄ አታገኚም!» አልኳት።

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «አዎ» አለች። «ያለ እኔ ደግሞ አንቺ አታስረጂም።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እውነቷን ነበር። ሁለታችንም በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር እያሰብን ነበር። ዕጣው በኔ ቢወጣ መልሱን አገኘዋለሁ፤ ግን አስተማሪው ፊት በእንግሊዝኛ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዱን ከአንዱ አስከትዬ ላስረዳው አልችልም። በእሷ ቢወጣ ደግሞ ማስረዳቱን ታውቅበታለች፤ የምታስረዳውን ግን ላታገኘው ትችላለች። አንዲት ሙሉ ተማሪ ነበርን፣ ለሁለት የተከፈለች።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ዕጣው በኔ እንዲወጣ ነበር የምፈልገው። በእሷ አፍ ከማልፍ በራሴ አፍ ብወድቅ የሚሻለኝ መሰለኝ። ቅናት እዚህ ድረስ ያደርሳል፤ ገላባት ላይ ሳሙና መሸጥን ያስመርጣል።

የፈተናው ቀን ጠዋት ዝናብ ነበረ። ክረምቱ ገብቶ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኗል፤ ረክሻ የምንለው ባጃጅ እንኳ አይገባም። እናቴ ካልሄድኩ ብላ ተከተለችን። ባለሱቁ ዝናቡ ሳተላይቱን እንዳያቋርጥብን ሌሎቹን ደንበኞች ለምኖ ከሸበካው አስወጣልን፤ ካርቱሞቹም ስልካቸውን አጥፍተው የሚሆነውን ለማየት ዙሪያችንን ተቀመጡ። «ለልጆቹ ነው፣ ፈተና አላቸው» ይባባላሉ። እናቴ የገመድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ትጸልያለች። ለማን እንደምትጸልይ ለማወቅ ምን ያህል እንደፈለግኩ!

አስተማሪው ስክሪኑ ላይ ወጣ። ደንቡን ደገመልን፤ ዕጣ ያልወጣበት ድምፁን ይዘጋል፣ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ለካሜራው ያሳያል፣ አይጠቁምም። ከዚያ ዕጣ የምታወጣዋን ክብ ነገር አዞራት። ዞረች፣ ዞረች፣ እሷ ላይ ቆመች።

እፎይ አላልኩም። ወንበሬን ገፋ አድርጌ እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

ጥያቄው ይህ ነበር። ሃያ አንድ ጠጠር ተከምሯል። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ያነሳሉ፤ በአንድ ጊዜ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማንሳት ይቻላል። የመጨረሻውን ጠጠር ያነሳ ያሸንፋል። ሁለቱም ብልህ ቢሆኑ ማን ያሸንፋል? አስረጂ።

ተነሳች፣ እንደ ልማዷ ከመጀመሪያው። ለፈተናው የያዘችውን ትንሽ ሰሌዳ ለካሜራው አዙራ በግራ ጥግ ሃያ አንድ ጻፈች። «የመጀመሪያው ሰው አንድ ቢያነሳ ሃያ ይቀራል። ሁለተኛው አንድ፣ ወይም ሁለት፣ ወይም ሦስት...» እያንዳንዷ ሦስት ቅርንጫፍ አወጣች፣ ሦስቱ እያንዳንዳቸው ሦስት። ሰሌዳው ወዲያው ሞላ። ገና አሥራ ስድስት ጠጠር ላይ እንኳ አልደረሰችም።

እኔ አይቼዋለሁ። ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ አይቼዋለሁ። ከመጨረሻው፣ አንቺ! አራት! አራት ጠጠር ፊቱ የገጠመው ሰው አልቆለታል! እጆቼ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቀዋል። አስተማሪው ይጠብቃል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እሷ ያንን የተዝረከረከ ቅርንጫፍ ታያለች።

ያን ጊዜ በሆዴ የነበረውን አሁን ድረስ አልወደውም። ግማሼ «በይ እንጂ፣ በይ» ይላል፣ ሁለተኛው መንፈቄ ነው፣ ገላባት አልሄድም ይላል። ግማሼ ግን «አየሽ?» ይላል። አየሽ፣ እማ? አየህ፣ ባለሱቅ? ያለኔ ይኸው ነች። ሁለቱ በውስጤ እኩል ይጮሃሉ። እናቴ «ልጀ» ስትል ሰማኋት፣ በሹክሹክታ። የትኛችንን እንደሆነ አላውቅም።

በዚህ ጊዜ እሷ ሰሌዳውን ሙልጭ አድርጋ አጠፋችው። ብዕሯን አነሳችና በቀኝ ጥግ፣ በመጨረሻው ጫፍ ላይ፣ ዜሮ ጻፈች።

«ይቅርታ፣ ከዚህ እጀምራለሁ» አለችው አስተማሪውን። «ጨዋታው አልቋል። ጠጠር የለም። ከዚህ በፊት የት ነበርን?»

ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀርቶ ተራው የደረሰው ሰው ሁሉንም አንስቶ ያሸንፋል። አራት ቀርቶ ተራው የደረሰው ግን ምንም ቢያነሳ ለሌላው አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ይተውለታል፤ ተሸንፏል። ስለዚህ ስምንትም፣ አሥራ ሁለትም፣ አሥራ ስድስትም፣ ሃያም እንዲሁ። የመጀመሪያው ሰው አንድ ብቻ ያነሳል፤ ሃያ ይተዋል። ከዚያ ሌላው ያነሳውን እየተመለከተ አራት አራት እየሞላ ይሄዳል። «የመጀመሪያው ያሸንፋል» አለች። ወዲያው ደግሞ ሰሌዳውን አዙራ ያገኘችውን ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በዚያች በተጠረገች አጻጻፏ አስቀመጠችው።

አስተማሪው «ከመጨረሻው መጀመሩ ከየት መጣልሽ?» አላት።

ወደኔ ዞረች። «ከጓደኛዬ ነው። መልሶቻችንን ሁሉ የምታገኛቸው እሷ ናት፤ ሁልጊዜ ከዚያ በኩል ነው የምትነሳው» አለችው።

አስተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ብቻውን ጠራው። በደንብ አላነሳውም፤ ግን ጠራው። ከዚያ «ሁለታችሁም አልፋችኋል» አለ።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ካርቱሞቹ አጨበጨቡ፣ ባለሱቁ «ማሻ አላህ፣ ያ ኡስታዛ!» አለ። እናቴ ተነስታ እየሮጠች መጣች፤ ቀድማ ያቀፈችው እሷን ነው። ከዚያ እኔን። እኔም አቀፍኳት፣ ደስም ብሎኛል፣ ገላባት አልሄድም፣ ያቺም ካምፕ አትመለስም። ሁሉም ልክ ነው። በእናቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ግን አንድ ነገር ቆጠርኩ፤ እሷ አሁን ሁለት መንገድ አላት። ያቺ የኔ ብቻ የነበረችው አንዲቷ እንኳ አሁን የእሷም ናት። እኔ ያው በአንዲቷ ላይ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀንቼ አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጭቃው ጫማችንን ይይዛል። እናቴ የልጅቷን ክንድ ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ «አደይ፣ ቀስ በይ» ትላታለች ያቺ። ከኋላ ሆኜ ጀርባቸውን እያየሁ ሄድኩ ሄድኩና አላስችል አለኝ።

«አንቺ፣ ቁሚ!» አልኳት።

ሁለቱም ቆሙ። እናቴ የተጣላን መስሏት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«አጻጻፉን ታስተምሪኛለሽ» አልኩ። «ከግራ ወደ ቀኝ ያለውን። ሁሉንም። ዛሬውኑ እንጀምራለን፣ ቤት እንደገባን።»

እግሯን ከጭቃው እየነቀለች ወደኔ መጣች። «ልመና ነው ትእዛዝ?» አለችኝ።

«ቅናት ነው» አልኳት።

ፈገግ እንኳ አላለችም። ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ።

«እኔስ ያንቺን በምን የተማርኩት መሰለሽ?» አለችኝ።